ለማርስ የተሰፋ ዳሌ

«አጎቴ፣ የወገብህ ዙሪያ ስንት ነው?» አለችኝ የእህቴ ልጅ በስልክ።

ሰላምታ የለ፣ እንዴት ዋልህ የለ። ባጃጄን ከላሊበላ ገበያ በላይ አቁሜ ተሳፋሪ እየጠበቅሁ ነበር። ሱሪ ልትልክልኝ ነው ብዬ ደስ አለኝና ሆዴን ወደ ውስጥ ስቤ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ አንድ የሚያኮራ ቁጥር ጠራሁላት።

«እውነቱን ንገረኝ» አለች።

እውነቱን ነገርኋት። ከዚያ ወዲያ የሰማሁት የደስታ ጩኸት ሙጃ ከተማ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ሚስቴ ስታዝንበት፣ ባጃጄ ሲያቃስትበት የኖረ ሆድ በተማረ ሰው ዘንድ እንዲህ ሲወደድ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው።

«ልክክ ይላል!» አለች። «ልብሱ ላንተ ልክክ ይላል።»

«የምን ልብስ?»

«የጠፈር።»

ደነገጥሁ። እንግዲህ በዚያ ሰሞን የደነገጥሁትን ድንጋጤ ሁሉ በተራ ብትደረድሩት ይኼኛው ትንሹ ነው።

የእህቴ ልጅ መሐንዲስ ናት። አዲስ አበባ ውስጥ፣ ሰው አንድ ቀን ማርስ ላይ ሲራመድ የሚለብሰውን ልብስ ከሚነድፉ ጥቂት ሰዎች ጋር ትሠራለች። ይህን ለተሳፋሪ ስናገር «አንተ ደግሞ!» እያሉ ስለሚስቁብኝ ትቼዋለሁ። ሳላጋንን የምናገራት አንዲት ነገር ብትኖረኝ እሷ ነበረች፣ እሷንም የሚያምነኝ ጠፋ። ልብሱን የሚሞክሩበት ድንጋያማ፣ ብርዳምና አየሩ የሳሳ ቦታ ሲፈልጉ «የእኔን አገር ምን ነካው?» አለቻቸው። ልብሱን ሊለብስ የተዘጋጀው ደንዳና ሰውዬ ደግሞ ሊነሡ ሲሉ ኳስ ሲጫወት ቁርጭምጭሚቱ ዞረበትና ቀረ። እሱን የሚያህል ወገብ በአስቸኳይ ተፈለገ። ሳይንስ ለእኔ ሆድ ሥራ ያገኘችለት በዚህ ዓይነት ነው።

ከመጡ በኋላ፣ እቤቴ ምሳ እየበላን፣ የሚያስጨንቃትን ነገር ነገረችኝ። ከጠፈር ልብስ ሁሉ ክፉው ቦታ ዳሌ ነው አለች። ማርስ ላይ ሰው የሚተነፍሰው አየር ስለሌለ ልብሱ ውስጥ አየር ይሞላል፤ አየር ሲሞላ ደግሞ ልብሱ እንደ ተነፋ ስልቻ ይገተራል። ስልቻ አይቀመጥም፣ ስልቻ ዳገት አይወጣም። ስለዚህ ዳሌው ላይ የሚታጠፍ ነገር መሥራት ግድ ነው። ባልደረቦቿ በብረት ቀለበትና በኩሽኔታ የሚሽከረከር ዳሌ ሠርተዋል። እሷ ግን በጨርቅ ብቻ፣ የባጃጅ አክሰል ላይ እንደሚለበሰው እጥፍጥፍ ጎማ፣ እየተዘረጋና እየተሰበሰበ የሚሄድ ዳሌ ሰፍታለች። ቀላል ነው፤ አቧራ ገብቶ የሚነክሰው ነገርም የለውም።

«ዶክተሩ በዚህ ጉዞ ይቆርጣል» አለች። ዶክተር የምትለው የቡድናቸውን መሪ ነው። «የእኔ ዳሌ ፈተናውን ካለፈ ልብሱ በእሱ ይሠራል። ካላለፈ የብረቱ ይገባል፣ የእኔ መጋዘን ይወርዳል።»

«አንቺስ?»

«እኔ የተቀጠርሁት ለዳሌው ነው፣ አጎቴ።»

የጠቀለልሁትን ጉርሻ ወደ ትሪው መለስሁት። የልጅቱ እንጀራ በእኔ መቀመጫ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው።

በማግስቱ ጧት ከአሸተን ማርያም መለስ ብሎ ካለው ድንጋያማ ሜዳ ላይ አለበሱኝ። «አለበሱኝ» ማለት ሲያንስ ነው፤ ከተቱኝ። እግሬ ሲገባ ሆዴ ይወጣል፣ ሆዴ ሲገባ ትከሻዬ ይቀራል። ዶክተሩ ጉልበቱን ወገቤ ላይ ተክሎ ማሰሪያውን ሲጎትት በቅሎ የሚጭን እንጂ ምርምር የሚሠራ አይመስልም ነበር። ቀጭን፣ መነጽራም፣ ፈገግታ የማያባክን ሰው ነው። መንገድ ላይ የተናገርሁትን ቀልድ ሁሉ እንደ ዜና እያዳመጠ፣ «እውነት?» እያለ፣ ጨርሶ አድክሞኛል።

ሄልሜቱ ሲደፋብኝ ዓለም ጠፋች። ነፋሱ ጠፋ፣ የውሻ ጩኸት ጠፋ፣ የቀረው የራሴ ትንፋሽ ብቻ ነው፤ እሱም እንደ ታረሰበት በሬ ያናፋል። ይህን ሁሉ ዓመት እንዲህ እየጮህሁ ነው የምተነፍሰው? ሚስቴ እንዴት ተኝታ ታድራለች? ቀጥሎ የእህቴ ልጅ ድምፅ በጆሮዬ መጣ። የውጭውን ድምፅ የሚያስገባ ትንሽ ነገር ስላለው ሰው የሚለውን ሁሉ እሰማለሁ፤ እኔ የምናገረውን ግን በጆሮዋ በሰካችው ነገር ከምትሰማው ከእሷ በቀር የሚሰማ የለም። ለእኔ ዓይነቱ ሰው ከዚህ የባሰ እስር ቤት አልተሠራም።

መቼም እንዲህ ብልም፣ ዳሌው እንደ ቅቤ ነበር። ዳገቱን ወጣሁ። ጎንበስ ብዬ ድንጋይ አነሣሁ። ተንበረከክሁና ተነሣሁ። ያን ጊዜ የሞሉብኝ አየር ገና መጠነኛ ነበር፤ ቢሆንም ዶክተሩ አንዴ የያዘውን የመለኪያ ሰሌዳ፣ አንዴ ዳሌዬን እያየ በአዎንታ ራሱን ይነቀንቃል። የእህቴ ልጅ ፊት በመስታወቱ ውስጥ ሲታየኝ እየፈካ፣ እየፈካ ሄደ።

ከዚያ ሰማዩ ጠቆረና በረዶ ወረደ። እንቁላል እንቁላል የሚያህል በረዶ ነው። እሺ፣ ሽምብራ የሚያህል። ዕቃቸውን ሰብስበው፣ እኔን እንደ ቁም ሣጥን ደግፈው፣ አቅራቢያ ካለው የሰንበቴ ቤት አስገቡኝ። ማኅበርተኛው ከቅዳሴ በኋላ ተሰብስቦ የሚቀማመስበት፣ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳና ዙሪያውን አግዳሚ መቀመጫ ያለው ጠባብ ቤት ነው።

የቀረው የመጨረሻው ፈተና ነበር፤ መቀመጥ።

«አሁን ግፊቱን እስከ መጨረሻው ከፍ እናደርገዋለን» አለችኝ በጆሮዬ። «ዶክተሩ በቃ እስኪል ዝም ብለህ ትቀመጣለህ። መነሣት ሲያስፈልግ መጀመሪያ እኔ በዚህ ቫልቭ አየሩን አስተነፍስልሃለሁ፣ ከዚያ እጅህን ይዘን እናነሣሃለን። በሙሉ ግፊት ብድግ ካልህ ግን የኋላው እጥፋት አይችለውም። ሰማኸኝ?»

«ንጉሥ ቢመጣ አልነሣም።»

«ቀልዱን ተወው።»

«አልቀለድሁም። ንጉሥም ባለቤቴም ተያይዘው ቢመጡ አልነሣም።»

በስተቀኜ በርጩማ ላይ ተቀመጠችና እጇን ቫልቩ ላይ አደረገች። ዶክተሩ በስተግራዬ የግፊት መለኪያ ጌጁን እያየ ቆመ። አየሩ ገባ። ጣቶቼ ተገተሩ፣ ክንዶቼ እንደ ወፍ ማስፈራሪያ ግራና ቀኝ ተዘረጉ። በዚህ ላይ በረዶ ያባረራቸው ገበሬዎች መግባት ጀመሩ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ አንደኛው ጋቢውን እያራገፈ።

«ሰው ነው።»

«ያ ባለ ባጃጁ እኮ ነው! ሆዱን አታየውም?»

«ምን ሆኖ ነው?»

«ማርስ ሊሄድ ነው አሉ።»

«በባጃጅ?»

«ሚስቱ ታውቃለች?»

«ሳታውቅ አትቀርም። ልብሱን እንዲህ ያጠበቀችበት እሷ ትሆናለች።»

ለያንዳንዱ የሚመጥን መልስ ምላሴ ላይ ነበረኝ። አፌን በከፈትሁ ቁጥር ግን የእህቴ ልጅ «ዝም በል፣ ጌጁን ታናውጠዋለህ» ትለኛለች። ሰው ሲገባ የተቀመጠው ሁሉ ከመቀመጫው ከፍ እያለ «ኖር!» ይላል፣ ገቢው «ኧረ በእግዜር! አይገባም!» ይላል፣ እኔና ቫልቩን የያዘችው የእህቴ ልጅ ብቻ ተጎልተናል። በመጀመሪያው ሰውዬ ብድግ ልል ምንም አልቀረኝ፤ ጥርሴን ነክሼ ራሴን ያዝሁ። በሁለተኛው ላብ አሰመጠኝ። ሦስተኛው በዕድሜ የገፉ፣ ጆሯቸው ከበድ ያለ አዛውንት ናቸው፤ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ገና ሳይሄድ ኮራ» ብለው ፊታቸውን አዞሩብኝ።

«ትንሽ ቀረ» አለ ዶክተሩ። በዚያ በማይስቅ ፊቱ ላይ አንዲት ነገር ስትላወስ አየሁ። «በጣም ጥሩ ነው። ትንሽ ብቻ።»

የእህቴ ልጅ ትንፋሿን ስትውጥ በጆሮዬ ሰማሁ።

ያኔ በሩ ላይ ጃንጥላ ታጠፈ፤ ከጃንጥላው ሥር የወጡት የንስሐ አባቴ ናቸው። ጥምጥማቸው ረጥቧል፣ መስቀላቸው በእጃቸው ነው። ኃጢአቴን ሁሉ ሳላጋንን የሰሙ ብቸኛው ሰው እሳቸው ናቸው። እኔን ያጋቡ፣ እናቴን ስትሞት የፈቱ፣ የእህቴን ልጅ ያጠመቁ።

ቤቱ በሙሉ ብድግ አለ።

እኔም።

አስቤበት አይደለም። ማሰብ የሚባለው ነገር ገና ጫማውን ሳያጠልቅ ጭኔ ቀድሞ ሥራውን ጨርሷል። አንድ ነገር ከኋላዬ ሲወጠር ተሰማኝ፣ ከዚያ—

ጧ!

የባጃጅ ጎማ ሲፈነዳ ሰምታችሁ ታውቁ ይሆናል። ይኼ ከዚያ ይበልጣል፤ በዚያ ላይ በድንጋይ ቤት ውስጥ ድምፅ መውጫ ያጣና ተመልሶ ሰውን ይመታል።

ቀጥሎ ያየሁት ላይ ምንም አልጨምርም። አሁን በእኔ ሲቀልዱ የነበሩት ሰዎች በሙሉ መሬት ላይ ናቸው። በደረታቸው፣ እጃቸው ማጅራታቸው ላይ። አዛውንቱ ከአግዳሚው ሥር ናቸው። ማንም አልጮኸም። ያስደነገጠኝ እሱ ነው። ፍንዳታው አይደለም፤ ማንም አለመጮኹ ነው። የለመደ ሰው አይጮህም።

የቆምነው ሁለት ነበርን፤ ዶክተሩና እኔ። እሱ የቆመው ስላልገባው ነው፤ ጦርነቱ ላሊበላ በገባ ጊዜ እዚህ አልነበረም። እኔ የቆምሁት የልብሱ ደረት ድርቅ ያለ ስለሆነና በጀርባዬ የተሸከምሁት የአየር ጋን ስለገተረኝ ነው። መላ አካሌ ወደ መሬት እየጎተተኝ፣ ጉልበቴ «ውደቅ፣ ውደቅ» እያለኝ፣ መውደቅ አቃተኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ተጋልጬ ቆሜ አላውቅም። አየሩ ከኋላዬ እየፏጨ ይወጣል። ዓይኔ የእህቴን ልጅ ፈለገ። በርጩማው ተገልብጧል፣ እሷ የለችም።

ከዚያ የንስሐ አባቴን አየሁ። በደረታቸው ተደፍተዋል። ጥምጥማቸው ተፈትቶ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። ከሥራቸው የልጅቱ ጫማ ብቅ ብሏል። እዚያ ዕድሜ ላይ ያለ ሰው ከበሩ እስከ እሷ ድረስ መቼ እንደ ደረሰ፣ እንዴት እንደ ዘለለ እስካሁን አላውቅም። በሽምግልና ሥጋቸው ሸፍነዋታል።

«ምን ሆናችሁ?» አለ ዶክተሩ። ድምፁ ትንሽ ሆነ።

አባ ቀስ ብለው ራሳቸውን አነሡ። «ማን ተመታ?»

«ማንም አልተመታም፣ አባ» አለች ከሥራቸው። «ልብሱ ነው። ልብሱ ፈንድቶ ነው።»

እኔም ሄልሜቱ ውስጥ «ልብሱ ነው! ልብሱ ነው!» እያልሁ ነበር፤ ማን ይስማኝ። የጆሮዋ ማዳመጫ መሬት ወድቋል።

ሰዉ አንድ በአንድ ተነሣ። ጉልበቱን እያራገፈ፣ ዓይን ለዓይን ሳይተያይ። አንደኛው ሊስቅ ጀመረና ተወው። ሄልሜቱን ሲያወልቁልኝ እኔም የምለው አጣሁ። የአገሬ ሰው ይመስክር፣ እኔ የምለው አጣሁ።

የእህቴ ልጅ ፀጉሯ ላይ ጭድ ተጣብቆ እኔን ታየኛለች። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«አይ፣ አንዳንዴ ነው» አልሁ። «ጎማ ሲፈነዳ። ቆርቆሮ ሲወድቅ።»

በጦርነቱ ጊዜ አዲስ አበባ ነበረች፤ ስልክም ተቋርጦ ነበር። ኔትወርክ ሲመለስ የነገርኋት ቀልድ ቀልዱን ነው። እናቷም ያንኑ የእኔን ቀልድ ደገመችላት።

ዶክተሩ ከኋላዬ ቁጢጥ ብሎ ቀዳዳውን ይመረምር ነበር። ተነሥቶ «በማርስ ቢሆን አሁን ሞተዋል» አለኝ። ሊያስፈራራኝ አይደለም፤ ሰዓት የሚነግረኝ ይመስል ነበር።

«ማን ነው የሞተው?» አሉ አዛውንቱ።

«ባለ ባጃጁ!» ብሎ አንዱ ጆሯቸው ላይ ጮኸ።

«ውይ፣ ነፍስ ይማር!»

አባ ጥምጥማቸውን እየጠቀለሉ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ሰው፣ ምን አስነሣህ?»

«አባቴ፣ እርስዎን ተቀምጬ ልቀበል?»

«ልባርክህ እንጂ ልገድልህ መጣሁ? ብትቀመጥ ምን ትሆን ነበር?»

ምን እንደምሆን አላውቅም። ተቀምጬ አላውቅማ።

ዶክተሩ ግን ሌላ ነገር ይዞታል። «የኋላው እጥፋት ነው የተቀደደው» አላት። «አይችለውም ያልሽው ቦታ ላይ ነው። አንድ ነገር አልገባኝም። አጎትሽ ገና መነሣት ሲጀምሩ ቫልቩ ቢከፈት ኖሮ እዚህ አይደርስም ነበር። ቫልቩ ለምን አልተከፈተም?»

ለእኔ ውሸት ውኃ ከመጠጣት ይቀላል፤ «ስነሣ ክንዴ ገፍቷት ነው» ለማለት አፌን ከፈትሁ። እሷ ቀደመችኝ።

«አባ ሲገቡ ተነሣሁ።»

«አንቺም?»

«እኔም። እጄን ከቫልቩ አነሣሁ።»

ዶክተሩ መነጽሩን አወለቀ። ያለ መነጽር ሲታይ የደነገጠ ሰው ነው። «አጎትሽ ልብሱ ውስጥ እያሉ?»

እኔን አየችኝና ከንፈሯ ነጣ። ዳሌው ፈነዳ ሲባል ያልነጣ ፊት ያኔ ነጣ።

«እንግዲያው ዛሬ የተፈተነው ዳሌው አይደለም» አለ ዶክተሩ። «አንቺ ነሽ። አንቺም አላለፍሽም። ቀዳዳውን ስፊው። ነገ ቫልቩን እኔ እይዛለሁ፣ ውስጡ ግን አንቺ ትገቢያለሽ። በሙሉ ግፊት ትቀመጫለሽ፣ እኚሁ አባት ይገባሉ፣ ትነሺያለሽ። እኔ በጊዜው አስተነፍሳለሁ። ያም ሆኖ ከተቀደደ የብረቱን ይዘን እንሄዳለን፤ ከዚህ በላይ ዕድል አልሰጥሽም።»

«ዶክተር፣ እሷ እኮ የእኔን እግር አታህልም!» አልሁ።

«ትራስ እንጨምራለን» አለ። እስከ ዛሬ ቀልዶ ይሁን አልቀለደ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ እቤቴ በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ ቀዳዳውን ሰፋች። ቀዳዳው ወደ አንድ ወገን እንዳይሮጥ አዲስ ጨርቅ ደረበችበት፣ እጥፋቱን ጠለቅ አደረገችው። መርፌው ጣቷን ወግቷት መጠጠችው። ከዚያ ቀና ሳትል «አጎቴ፣ ያኔ በስልክ የነገርኸኝን እንደገና ንገረኝ» አለች። «ቀልዱን አውጥተህ።»

ነገርኋት። አጭር ሆነ። ለካ ያን ሁሉ ያስረዘመው ቀልዱ ኖሯል። ስጨርስ መርፌዋ ቆሟል።

በማግስቱ ሰንበቴ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። አዛውንቱ ሳይቀሩ መጥተዋል፤ የሞተውን ሰው ቆሞ ሲያዩ አማተቡ። የእህቴ ልጅ በሁለት ትራስና በአንድ የእኔ ሹራብ ተወጥራ ልብሱ ውስጥ ተቀመጠች። ፊቷ በመስታወቱ ውስጥ የሕፃን ፊት አከለ። ማዳመጫው ዛሬ በእኔ ጆሮ ነው፤ የምሰማው ትንፋሿን ብቻ ነው፣ ቶሎ ቶሎ ይመላለሳል።

«አጎቴ» አለችኝ በጆሮዬ።

«አቤት።»

«ቀልድ ንገረኝ።»

ፈለግሁ፤ አንድም አልመጣልኝ።

ዶክተሩ አንድ እጁን ቫልቩ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጌጁ ላይ ተክሎ፣ «ይግቡ» አለ።

አባ በሩ ላይ ቆመዋል። መሬቱን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ከዚያ ሕዝቡን። «ልጆቼ፣ ምናልባት ቢጮህም ልብሱ ነው» አሉ። «ልብሱ ነው፣ እሺ? አትደንግጡ።» ይህን ሲሉ የራሳቸው ድምፅ ይንቀጠቀጥ ነበር። አማተቡና ገቡ።

ቤቱ በሙሉ ብድግ አለ። እሷም ብድግ አለች።

እጥፋቱ ሲዘረጋ ሰማሁ፤ እንደ ድንኳን ሸራ ቋቋ አለ። አየሩ ፏጨ። ከዚያ ምንም። ዝም። የዶክተሩ ጫማ ዞር ሲል አየሁ፤ ከጀርባዋ ቁጢጥ አለ፣ ዳሌውን በመዳፉ ዙሪያውን ዳሰሰ።

«ያዘ» አለ። እንደገና ደግሞ፣ ራሱም ያላመነ ይመስል፣ «ያዘ! ይህ ዳሌ ነው የሚሄደው።»

እልልታው ቤቱን ሊያነሣው ደረሰ። በጆሮዬ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየለት ድምፅ ይመጣል፤ በመካከሉ «አጎቴ? አጎቴ የት ሄደ?» ትላለች።

የዶክተሩን ፊት ሳይሆን ጫማውን ለምን እንዳየሁ የገባኝ ያኔ ነው። አግዳሚው ሥር ነበርሁ። በደረቴ፣ እጄን ማጅራቴ ላይ አድርጌ። መቼ እንደገባሁ አላውቅም። ያዘ ሲባል ሰምቻለሁ፣ እልልታውንም ሰምቻለሁ፤ እጄ ግን ከማጅራቴ አልነሣ አለኝ።

ጎንበስ ብለው ያዩኝ የንስሐ አባቴ ናቸው። አልሳቁም። እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።

«ውጣ ልጄ» አሉኝ። «ይዟል።»